አደባባዩ ላይ የበቀለ ገብስ

የምሠራበት ክፍል ጣሪያ በክረምት ያፈሳል። ዝናብ ሲጀምር ጠረጴዛዬን ወደ በሩ እገፋለሁ፤ ሲብስ ደግሞ ወደ መስኮቱ። ማዘጋጃ ቤት፣ መሬት ክፍል። ደብረ ታቦር ውስጥ መሬት ያለው፣ መሬት የሌለውና መሬት የነበረው ሁሉ አንድ ቀን እኔ ፊት መቆሙ አይቀርም። ያለው ይከራከራል፣ የሌለው ይለማመጣል፤ የነበረው ግን ዝም ብሎ ያየኛል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው የምፈራቸው። ይህን የምጽፈው ከእነሱ መካከል ስለ አንድ ሽማግሌ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዱቄት ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው የቆመው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጋፋት ድሮ ንጉሡ ብረት አስቀልጠው መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው፤ ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ሆኗል። ከአለቆቻችን መካከል "የአገራችን ኢንዱስትሪ የተወለደው እዚህ ነው" ሳይል ስብሰባ የከፈተ ሰው አላየሁም። ተወልዶ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ስቀጠር ከተማዋ ኢንዱስትሪ ብላ የምትጠራው ያንን ዱቄት ፋብሪካ ነበር። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲለቅ እዚያ የሚሠሩት ልጃገረዶች ቅንድባቸው ድረስ ነጭ ሆነው፣ እየተሳሳቁ ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። ሻይ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ የሚከራየው ክፍልም የሚኖረው በእነሱ ነበር።

ከዚያ መብራቱ መጥፋት አበዛ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል፤ ስንዴው አይገባም፣ የተፈጨውም አይወጣም። ባለቤቱ መጀመሪያ አንዱን ፈረቃ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ሁሉንም። በመጨረሻ ማሽኖቹን በሸራ ሸፋፍኖ በከባድ መኪና አስጭኖ ሄደ። የቀረው ባዶ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አጥርና በር ነው። ሻይ ቤቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ግብሩ ሲቀር የእኛም ነገር አብሮ ቀረ። የቆሻሻ መኪናችን ናፍጣ አጥታ ግቢ ውስጥ ቆመች፤ ጎማዋ ከረገበ ቆየ። የመንገድ መብራቱ አንዴ ከተቃጠለ የሚተካው የለም። እኛም ወረቀትና እስክሪብቶ ከቤት ይዘን መምጣት ጀመርን። ኃላፊዎቹ ብቻ አያልቁም። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይሾማል፣ አዲሱም ወንበሩ ላይ ሳይደላደል "እስቲ ጉዳዩን ከመጀመሪያው አስረዱኝ" ይላል። እናስረዳለን። ሲገባው ይነሣል።

ሽማግሌው የዚያ መሬት ባለቤት ነበሩ። ፋብሪካው ሲመጣ ከእርሻቸው ተነሡ፤ ካሳውም በልጃቸው ሕመምና በአንዲት የቆርቆሮ ቤት አለቀ። ልጁም አልተረፈም። ከመሬቱ ለተነሣ ገበሬ ቅድሚያ ሥራ ይሰጣል የሚል ቃል ተገብቶ ነበርና ቃሉ ተፈጸመላቸው፤ ዘበኛ ሆኑ። ካፖርትና ዱላ ተሰጥቷቸው የገዛ እርሻቸውን በር ይጠብቁ ጀመር። ይህን ያሰበው ሰው ክፉ ነበር ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም ውለታ የዋለላቸው መስሎት ይሆናል። ፋብሪካው ሲዘጋ ግቢውን ማዘጋጃ ቤቱ ተረከበ፤ ከበሩና ከአጥሩ ጋር እሳቸውንም ተረከበ። ከዚያ አዲስ መዋቅር መጣና የዘበኛው መደብ ተሰረዘ። እሳቸው ግን ጥበቃውን አልተዉም። "እና ማን ይጠብቀው?" ብለው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከበሩ ሥር ተቀመጡ።

መጀመሪያ እኔ ዘንድ የመጡት በየካቲት፣ ገበሬው ማሳውን መገልበጥ ሲጀምር ነው።

"እንዴት አደርሽ ልጄ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ አባቴ? ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ያ ግቢ ባዶውን ነው። መጋዘኑን ተይው፤ ኸጓሮው ያለውን ልረሰው።"

ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው የነገሩኝ ስለ ረኃብ አልነበረም። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሚካኤል ቀን በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጃል፣ ሲጨርስም ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሽማግሌው መሬታቸውን ካጡ ወዲህ ጽዋው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን ሰብስበው ያሳልፉታል።

"በገበያ እህል ጠላ ጠምቄ ሚካኤልን ዘከርሁ ልበል?" አሉኝ። "አባቴም አያቴም ኸመሬታቸው ነው የዘከሩ።"

"አባቴ፣ ሰው ሁሉ እኮ ከገበያ ገዝቶ ነው የሚዘክረው።"

"ሰው ሁሉ ገበሬ አይደለም። እኔ ገበሬ ነኝ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ኸመሬቴ ባበቀልሁት ገብስ ጽዋዬን ተቀብዬ ልሙት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

መልሱን ያኔውኑ አውቀው ነበር። በከተማ ክልል ውስጥ እርሻ አይፈቀድም፤ ግቢው ደግሞ እኛ ዘንድ የኢንዱስትሪ ቦታ ተብሎ ነው የሚታወቀው። ቢሆንም "እስቲ እንሞክር" አልኳቸው። ስንት ሰው በዚህች ቃል ደጃችን ላይ እንዳረጀ እያወቅሁ አልኳት።

ሞከርን። ኢንቨስትመንት ክፍሉ ለፋብሪካው ያበደረው ባንክ ይፍቀድ አለ። ባንኩ ፍርድ ቤት ይወስን አለ። የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ቦታው ከተማ ስለሆነ አያገባኝም አለ፤ የእኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥያቄው እርሻ ስለሆነ አያገባኝም አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሣ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ሽማግሌው ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ ቢሮዬ በር ላይ ይቆማሉ።

"አልሆነም?"

"በሂደት ላይ ነው አባቴ።"

"ምነው ይኸ ሂደት እንዲህ ዘገየ? ኸእብናት በእግሩ ነው የሚመጣ?"

እስቃለሁ። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ያኔ ገና ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው ብድግ ብሎ "ይረስ" ቢል ማንም አይጎዳም ነበር፤ ያን አንድ ሰው ግን በየቢሮው ፈልጌ አጣሁት።

በመጨረሻ ፈቃዱ የመጣው በእኔ ልመና አይደለም። ከበላይ አካል ትእዛዝ ወረደ፤ ጦም ያደረ መሬት እንዳይኖር፣ የተገኘው ሁሉ እንዲታረስና ሪፖርት እንዲደረግ። አዲሱ ኃላፊያችን ሪፖርት የሚያደርገው መሬት ከየት እንደሚያመጣ ጨንቆት ሲንቆራጠጥ የሽማግሌውን ጉዳይ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ስንት ዓመት ሙሉ ያልሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስነግራቸው ተነሥተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። እንደዚያ ቀን በዚህ ሥራ ተደስቼ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ እንኳ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

በግንቦት ማኅበርተኞቻቸው ደቦ ወጡላቸው። ጥማድ በሬዎች ይዘው፣ ዳቦና ጠላ አሸክመው መጡ። ኃላፊያችንም ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። ሽማግሌው የታጠበ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ አማትበው፣ ዕርፉን ጨበጡ። ፎቶው ያኔ ተነሣ። ከዚያ በሬዎቹን "ና!" ብለው ነዱ።

ማረሻው ሣሩን ጭሮ ተንሸራተተ። መልሰው ተከሉት፤ በእግራቸው ጭምር ተጫኑት። ብረቱ ሲፋቅ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። በሬዎቹ ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ የማረሻው ጫፍ ተቆለመመ። አንዱ ማኅበርተኛ ዶማ አምጥቶ መሬቱን ሲቆፍር ከሥሩ የወጣው ገረጋንቲ ነው፤ ለመንገድና ለወለል የሚደፋው፣ በሮለር ተረግጦ የጠጠረ ገረጋንቲ። በአጥሩ ጥግ ሞከሩ። ከመጋዘኑ ኋላ ሞከሩ። ግቢው ሙሉ ያው ነበር። ከዓመት ዓመት ማን ይፈርም እየተባባልን ስንከራከር ከመካከላችን አንድም ሰው ዶማ ይዞ ሄዶ አልቆፈረም። ኃላፊያችን ሰዓቱን አይቶ ስብሰባ እንዳለው ነገረንና ሄደ። ፎቶው ተነሥቷል፤ ሪፖርቱ በማግሥቱ ወደ ላይ ሄደ፤ በሪፖርቱ ላይ ያ መሬት እስከ ዛሬ ታርሶ ይኖራል።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ስላላወቅሁ በሳቸው ተናደድኩ።

"እርስዎ በሩ ላይ ነበሩ እኮ አባቴ! ሲደፉት አላዩም?"

"አይቻለሁ እንጅ። ጥቁሩን አፈር ፍቀው በመኪና ሲወስዱት ቁሜ አይቻለሁ። ገረጋንቲውንም ሲደፉ አይቻለሁ።" ዕርፉን ገና አልለቀቁም። "ግን መሬት አይደል? ኸሥሩ ሌላ አፈር አያጣም ብየ ነው።"

"አፈሩን የት ወሰዱት?"

"አታውቂም እንዴ? ኸአደባባዩ ነዋ። ለአበባው።"

ማኅበርተኞቹ ያመጡትን ዳቦ እዚያው አጥሩ ሥር ቆርሰው በሉ። ማንም ጠላውን አልነካም፤ ይዘውት ተመለሱ።

አደባባዩን የማያውቅ የለም፤ ከተማው መሐል ነው። ፋብሪካው ሲሠራ እሱም ተሠርቶ ነበር፤ ዙሪያው በድንጋይ ተከብቦ፣ ውስጡ በጥቁር አፈር ተሞልቶ፣ አበባና ሣር ተተክሎበት ነበር። ኋላ ውሃ የሚያጠጣው ሰው መደብ ተሰረዘና አበባው ደረቀ። ፌስታልና አረም ወረሰው፤ ፍየሎች ይተኙበት ጀመር።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አደባባዩ አረንጓዴ ሆኖ አየሁት። ክረምት ነው፣ ሣር ነው ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ሣር እንዲህ ተስተካክሎ አይበቅልም። ጠጋ አልኩ። ገብስ ነው። ፌስታሉ ተለቅሟል፣ አረሙ ተነቅሏል። ሽማግሌው በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ በሚተላለፍበት መሐል ከተማ ቆፍረው ሲዘሩ ማንም አላስቆማቸውም፤ የዘበኛውን ካፖርት ለብሰው ስለነበር ሁሉም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ መስለውታል።

ሰኞ ሲመጡ ፊታቸው የሌላ ሰው መስሏል።

"አፈሬን አገኘሁት" አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ጆሮዬ ሥር። "የኔው ነው፤ በእጄ አፍሼ አወቅሁት። ማኅበርተኞቼን ለኅዳር ሚካኤል ጽዋውን እቀበላለሁ ብያቸዋለሁ።"

"አባቴ በማርያም፣ ለማንም አይንገሩ።"

"ለማን እነግራለሁ? ላንች ነው የነገርሁ።"

ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋትና ማታ በአደባባዩ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ፍየል ሲያዩ በጡሩምባ ያባርራሉ፤ ትራፊኩም ፊሽካውን በፍየሎቹ ላይ ይነፋል። ገብሱ ጉልበት ደረሰ፣ ከዚያ አለፈ። በመስከረም መግቢያ አናቱን አወጣ። ነፋስ ከጉና በኩል ሲመጣ ያ የከተማ አደባባይ ወዲያና ወዲህ ሲል ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ኅዳር ደረሰ አልደረሰ እያልኩ እቆጥር ጀመር። እኔ ማኅበርተኛ እንኳ አይደለሁም።

በመስከረም እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን፤ ከተማዋ እንድትጸዳ። ያ የፈረመው ኃላፊ ተነሥቶ ነበር። አዲሱ በአደባባዩ በኩል አልፎ ቢሮ ሲገባ ፊቱ ቀልቷል።

"አደባባይ ላይ እርሻ? ምን ይሉናል? ዛሬውኑ ይነቀል!"

"ጦም ያደረ መሬት እንዳይኖር ተብሎ የለም?" አልኩት።

"አደባባይ አልተባለም።"

"ትንሽ ነው የቀረው። እስኪደርስ ይጠበቅ፤ በእግዚአብሔር።"

"እና እንግዶቹ ገብሱ እስኪደርስ ይጠብቁ?"

የጽዳት ሠራተኞቹን ሴቶች አሰልፎ ወሰዳቸው፤ ተከትዬ ሄድኩ። ሴቶቹ ገብሱን ሲያዩ ቆሙ። አንዷ አማተበች። "እህል ነው እኮ፤ እኔ አናት ያወጣ እህል ላይ እጄን አላነሣም" አለች፤ ሌሎቹም እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እሱ ኮቱን አውልቆ ለሾፌሩ ሰጠና ራሱ ገብቶ መንቀል ጀመረ። አለቃ ሲነቅል ቆሞ ማየት አልሆነላቸውም፤ ቀስ በቀስ ገቡ። ነቀሉት። ከሥሩ ጋር የሚወጣውን አፈር እያራገፉ፣ እያቀረቀሩ ነቀሉት። እኔ ዳር ቆሜ ነበር።

ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ሽማግሌው መጡ። ቢጮሁ፣ ቢሳደቡ፣ በዱላቸው አንዱን ቢመቱ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉና የተነቀለውን እየሰበሰቡ መደርደር ጀመሩ። አንዱን ዘለላ አንሥተው ፍሬውን በጥርሳቸው ሰበሩት፤ ነጭ ፈሳሽ ወጣው።

"ገና ወተት ነው" አሉ፤ ለማንም አይደለም። ጋቢያቸውን ቋጥረው ተሸክመው ሄዱ።

እንግዶቹ መጡ። መኪኖቻቸው መስኮታቸውን ዘግተው አደባባዩን በፍጥነት ዞሩና አለፉ። አንድም ሰው አልወረደም።

ነገሩ እንዳይደገም ተብሎ አደባባዩ በሲሚንቶ እንዲሸፈን ተወሰነ። ለዚህ የሚያፈስ ጣሪያ አንዲት ቆርቆሮ በጠየቅሁ ቁጥር በጀት የለም ይሉኛል፤ ሲሚንቶው ግን በሳምንቱ መጣ። ሥራው በተጀመረ ዕለት ጠዋት ሽማግሌው ቢሮዬ ገቡ። ጀርባቸው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አዝለዋል፤ እያለከለኩ አውርደው ጠረጴዛዬ ሥር አቆሙት።

"ምንድን ነው አባቴ?"

"መሬቴ ነው። ኸሲሚንቶው በፊት የደረስሁበት ይኸን ያህል ነው።" ላባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። "በይ እንግዲህ ካርታ ሥሪልኝ።"

ሳቅሁ። እንደ ድሮው እየቀለዱ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ቀና ስል አይስቁም። ቆመው ይጠብቃሉ። የይዞታ ማረጋገጫ የሚሠራው እዚህ ክፍል አይደል፤ እኔም ሠራተኛዋ አይደለሁ? ከረጢቱን ከፍቼ አየሁት። ጥቁር፣ እርጥብ፣ መልካም አፈር ነው፤ በመሐሉ የገብስ ሥር አለበት።

"ይውሰዱት አባቴ፤ እቤትዎ ያኑሩት" አልኩ።

"ኸቤትማ ይወስዱብኛል። አንች ዘንድ ይሁን። አንች ዘንድ ያለ ነገር በሂደት ላይ ነው ይባላል፤ ማንም አይነካው።"

ገብስ ከገበያ ገዝቼ ላምጣልዎ አልኳቸው፤ ከጉና የወረደ ጥሩ ገብስ። "ተይ ልጄ" ብለው ወጡ። በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኞቹ ጽዋውን ይዘው ደጃቸው ድረስ ሄደውላቸው ነበር፤ አንዱ ኋላ ነገረኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰብስበው አሳለፉት።

ከዚያ በኋላም ሰኞ ሰኞ ይመጡ ነበር። "አልወጣም?" ይላሉ። "በሂደት ላይ ነው አባቴ" እላለሁ። ስለ እብናት የሚሉት ቀልድ ቀርቷል። ከረጢቱን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፣ መኖሩን አይተው ይሄዳሉ። ከዚህ ክረምት መግቢያ ወዲህ ግን አልመጡም። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ሞተው ከሆነ መስማት አልፈልግም፤ በሕይወት ካሉም የምነግራቸው የለኝም። አዲሱ ኃላፊያችን፣ ከዚያኛው ቀጥሎ የመጣው፣ ባለፈው ገብቶ "ይህ ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?" አለኝ። የባለጉዳይ ነው፣ በሂደት ላይ ነው አልኩት፤ እውነትም አልነካውም። አሁን ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ ከረጢቱን አነሣለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛዬን ወደ በሩ እገፋለሁ።